አማቴ ፔዳሉን፣ እኔ ጨርቁን

እግሬ የተሰበረው ኳስ ስጫወት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ እግሬን፣ ከዚያ ሽበቴን ያያል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ከተማ ውስጥ፣ ከቤቴ ብዙ በማይርቅ መናፈሻ ከጓደኞቼ ጋር እንራገጣለን። አብዛኞቻችን ሹፌሮችና የመጋዘን ሠራተኞች ነን፤ እሁድ ሲደርስ ግን ሁላችንም የሃያ ዓመት ልጆች የሆንን ይመስለናል። የዚያን ዕለት ኳሷን ልመልስ ስል እኔ ዞርኩ፣ ቀኝ እግሬ ግን አልዞረም። ማንም አልነካኝም። ጓደኞቼ ለክብሬ ሲሉ ብቻ "ማነው የጠለፈው?" እያሉ ትንሽ ተጨቃጨቁ።

ሐኪሙ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጥቁር ቡት አጠለቀልኝ፤ ክራንች ሰጠኝ፤ እግሩን እንዳልረግጥበት አስጠንቅቆ ወደ ቤቴ ሰደደኝ። ሥራዬ ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት፣ ማለትም ዕቃ ማንሻ መኪና፣ መንዳት ነው። ያለ ቀኝ እግር ፎርክሊፍት አይነዳም። ሶ፣ ቤት መዋል ጀመርኩ።

ቤት መዋሉ ራሱ ባልከፋ። ግን ቤት ውስጥ አማቴ ነበሩ።

አማቴ ከደሴ የመጡት እኔ ከመሰበሬ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ፤ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነው ሠርተዋል። ቀጠን ያሉ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው በላዩ አሻግረው የሚያዩ ሴት ናቸው። እንዲህ ሲያዩኝ ሳላስበው ሸሚዜ ሱሪዬ ውስጥ መግባቱን በእጄ እፈትሻለሁ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ያወራነው ሁሉ በስልክ ነበር፤ ወሬውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

"ደህና ነዎት እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቷስ?"

"ደህና ናት።"

"ጎሽ። በል ልጄን አገናኘኝ።"

አሁን ግን ስልኩን የማቀብላት ሰው ቤት አትውልም። ሚስቴ አዲሰን በሚባል ከተማ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ጠዋት ልጃችንን ትምህርት ቤት ጣል አድርጋ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ለእኔና ለአማቴ ይቀራል። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ያነባሉ። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ሐኪሙ እግሬን ከፍ አድርጌ እንድቀመጥ አዞኛል፤ ታዲያ እግርን በአማት ፊት መዘርጋት እንዴት ይሆናል? ወደ እሳቸው እንዳይዞር ብዬ በሰያፍ ተጣምሜ ስለምተኛ ከእግሬ ይልቅ ወገቤ ያመኝ ጀመር። ውሃ ሲጠማኝ እንኳ እሳቸው ተነስተው እንዳያቀብሉኝ እየፈራሁ ዝም እላለሁ። ቴሌቪዥን ከከፈትኩ ይረበሻሉ፤ ካልከፈትኩ የግድግዳ ሰዓቱ ብቻ ይሰማል።

በዚህ መሃል ሃሎዊን ደረሰ።

የእኛ መንገድ መጨረሻው ዝግ ነው፤ ቤቶቹ ክብ ሠርተው ይተያያሉ። ፊት ለፊታችን የምትኖር ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት በየዓመቱ ሃሎዊን ሲሆን ድራይቭዌይዋ ላይ፣ የመኪና መግቢያዋ ላይ ማለት ነው፣ ረጅም ጠረጴዛ ትዘረጋለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ አንዳች ነገር ያመጣል፤ የሰፈሩ ልጆችም ከረሜላቸውን ከዚያ ይወስዳሉ። ባለፈው ዓመት እኛ የወረቀት ናፕኪን ነበር ያመጣነው። ሌላው ኬክ ጋግሮ፣ ሌላው ትኩስ ሾርባ በድስት ይዞ መጥቶ እኛ ናፕኪን። ሚስቴ ይህ ነገር ዓመቱን ሙሉ ሲከነክናት ኖሯል። ዘንድሮ ጎረቤታችን "የጠረጴዛውን ጌጥ ማን ይሠራል?" ብላ ለሁሉም ቴክስት ስታደርግ ሚስቴ ማንም ሳይቀድማት "እኛ እንሰፋለን!" ብላ መለሰች። "እኛ" ማለቷን ልብ በሉልኝ።

ብርቱካናማ ከፋይ ጨርቅ ገዛች። በጠረጴዛው መሃል ለመሃል የሚነጠፍ ጥቁር ጨርቅ ገዛች። ጥጥ የመሰለ መሙያ በትልቅ ፌስታል አመጣች። ሰው ያገለገለ ዕቃውን በሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ላይ ያገኘናትን፣ መጋረጃ ካሳጠርንባት ወዲህ ያልተከፈተችውን የስፌት መኪና አቧራዋን ጠረገች። ዱባ ከጨርቅ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ቪዲዮም አገኘች። ሁሉን ካዘጋጀች በኋላ ክሊኒክ አብራት የምትሠራው ልጅ ከታሰበው ቀድማ ወለደችና የእሷም ሥራ ሚስቴ ላይ ወደቀ። ቅዳሜም መግባት፣ አምሽቶም መውጣት ሆነ።

አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሙሉ ቀን ተቀምጠህ አይደል የምትውለው?"

"ወድጄ መሰለሽ?"

"ሶ፣ አንተ ስፋው።"

"እኔ?"

"ቪዲዮው አለ። ዱባ ነው፣ አውሮፕላን አይደለም።" በሩን ዘግታ ወጣች።

አማቴ መጽሐፋቸውን ዝቅ አድርገው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። "የምን በዓል ነው ይሄ?"

እንዴት ላስረዳቸው? "ልጆች ፊታቸውን ተቀባብተው፣ አስፈሪ ነገር ለብሰው፣ ማታ ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ የሚቀበሉበት ነው እማማ።"

"እንደ ቡሄ?"

"እ... እንደ ቡሄ።"

"ምን ብለው ነው የሚዘፍኑት?"

"አይዘፍኑም። 'ከረሜላ ካልሰጣችሁን እንተናኮላችኋለን' ነው የሚሉት።"

"ይሄማ ማስፈራራት ነው" አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ "ለዚህ ነዋ በየግቢው አጽም የተገተረው። ባለፈው ከልጄ ጋር ስንንሸራሸር አንዱን ቆሜ ቆጥሬዋለሁ። የጎድን አጥንት ጎድሎታል" አሉ።

ቀልዳቸውን ይሁን ምራቸውን መለየት ስላልቻልኩ "እሺ እማማ" ብዬ በክራንቼ እያነከስኩ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄድኩ።

ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ግማሽ ጠዋት ፈጀብኝ። ከዚያ ቡት ያጠለቀውን ቀኝ እግሬን ወንበር ላይ ጫንኩትና ፔዳሉን በግራ እግሬ ረገጥኩት። ግራ እግሬ በሕይወቱ ነዳጅ ሰጥቶ አያውቅም። መኪናዋ እንደ በቅሎ በርግጋ ተነሳች፤ ጨርቁ ከእጄ አምልጦ ሄደ፤ መርፌው ለጥቂት አውራ ጣቴን ሳተኝ። እንደምንም አንዱን ጎን ሰፍቼ፣ ጫፉን ሸንሽኜ፣ መሙያ ጠቅጥቄ ጨረስኩና ከፍ አድርጌ አየሁት። አማቴም አዩት። ሳይጠሩ ተነስተው መጡ።

"ምንድን ነው?"

"ዱባ ነው።"

አገላብጠው አዩት። "ከአሥር ሁለት።"

ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ ግን ወዲያው ልቤ ቅር አለው። "ለምን ሁለት እማማ?"

"አንዱ ለቀለሙ። አንዱ ለድፍረትህ።" ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "በል ቪዲዮውን ክፈተው።"

ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይናገሩ አዩት። ከዚያ እንድመልሰው አዘዙኝና እንደገና አዩት። "ሴትዮዋ ስትናገር ትቸኩላለች እንጂ ሥራው ከባድ አይደለም" አሉ። "ችግርህ ሳትለካ መቁረጥህ ነው። ጠመኔ አለ?"

ልጃችን ድራይቭዌይ ላይ የምትሥልበት ጠመኔ ነበር። አመጣሁላቸው። ጠመኔው እጃቸው ሲገባ አማቴ ተለወጡ፤ ትከሻቸው ወደ ኋላ ሄደ፤ ከፋዩ ላይ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ መሆን እንዳለበት ነገሩኝ። ሁለቱ ጠባብ ጎኖች ተሰፍተው ቱቦ ይሆናል፤ የታችኛው አፍ በእጅ ተሸንሽኖ ይታሰራል፤ ይሞላል፤ የላይኛው አፍ ይታሰራል፤ ከዚያ በወፍራም ክር ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ ሲያስሩት የዱባው ሽንሽን ይወጣል። ገባኝ። ቪዲዮው ያላስረዳኝን በአንድ ጊዜ ገባኝ።

መኪናዋን ግን እሳቸውም አያውቋትም። "እኛ ቤት የሚሰፋ ነገር ካለ ለሰፊ ነው የምንሰጠው" አሉ። ቢሞክሯት መርፌው ዘሎ ሲወርድ ደንግጠው ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ፤ እግራቸውን ግን ከፔዳሉ ማንሳት ረሱ። ጨርቁ ብቻውን ተሰፍቶ ጠረጴዛው ጫፍ ደረሰ። አቁመው ሲያስቡ ቆዩና፣

"አንተ እጅህ አይፈራም፤ እግር የለህም። እኔ እግር አለኝ፤ እጄ ይፈራል። ፔዳሉን እኔ እረግጣለሁ፤ አንተ ጨርቁን ምራ" አሉ።

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ጎን ለጎን፤ የእኔ ቡት ሦስተኛ ወንበር ላይ፤ የእሳቸው እግር ጠረጴዛው ሥር።

"እማማ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይርገጡልኝ" አልኩ። ረገጡ። ስፌቱ ጥሩ ሄደ። ጫፉ ጋ ስንደርስ "እማማ፣ እባክዎ ይበቃል፣ ያቁሙል..." ሳልጨርስ መርፌው ከጨርቁ አልፎ ባዶ አየር ይሰፋ ጀመር። ፈትተን እንደገና ጀመርን። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ፈጠን ቢያደርጉት... አይ፣ እባክዎ አሁን..." እንደገና አለፈን።

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስማ። አንተ 'እባክዎ' ብለህ እስክትጨርስ ጨርቁ ያልቃል። አሳጥረው።"

"እንዴት ላሳጥረው እማማ?"

"'ርገጪ'፣ 'አቁሚ' በለኝ።"

"ኧረ በስመ አብ! እንዴት ብዬ!"

"መኪናዋ ላይ እስካለን ድረስ ነው። ስንነሳ ወደ ቦታህ ትመለሳለህ። በል።"

"እማማ፣ አፌ እንቢ ይለኛል።"

"ትእዛዝ ነው" አሉ። ሲያዝዙ ደግሞ ያውቁበታል።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "ር... ርገጪ" አልኩ በሹክሹክታ።

"አልሰማሁም።"

"ርገጪ!"

መኪናዋ ሄደች። ጨርቁን መራሁት። መጨረሻው ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ "አቁሚ!" አልኩ። ልክ ጫፉ ላይ፣ ክር ሳይተርፍ ቆመች። ሁለታችንም ስፌቱን አየን። እንደ መስመራቸው ቀጥ ያለ ነበር። አማቴ በጣታቸው ዳሰሱትና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ደነገጥሁ። እየሳቁ ነበር። ድምፅ ሳያወጡ፣ ፊታቸውን በብርቱካናማው ጨርቅ ሸፍነው፣ እንባቸው እስኪወርድ። እኔንም ሳቄ አመለጠኝ።

ያቺ ሁለተኛ ዱባችን ከአሥር አምስት አገኘች። ሦስተኛዋ ስድስት ተኩል። ግማሹ የተቀነሰው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ "ወደ ግራ ታጋድላለች" ተባልኩ። በማግስቱ ነፋሱን አሰቡት። የቴክሳስ ነፋስ የቆሻሻ ገንዳ እንኳ እየገፋ ሲወስድ በመስኮት አይተዋል፤ በጥጥ የተሞላ ዱባማ እስከ ዳላስ ይሄዳል አሉ። ስለዚህ ከመሙያው በፊት ከታች ምስር ጨመርንበት። ዱባዎቹ ተረጋግተው ተቀመጡ፤ የሚስቴ የምስር ዕቃ ደግሞ ጎደለ። ለግንዱ ቀረፋ ተከልን። እሳቸው እያንዳንዱን ስንጥር ከመትከላቸው በፊት ያሸቱታል።

ከዱባዎቹ ቀጥሎ ጥቁሩ ጨርቅ መጣ። ሚስቴ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ የሌሊት ወፍ እንዲሰፋበት ፈልጋለች። ከቪዲዮው ላይ ያለውን ሥዕል ሳሳያቸው አማቴ ፊታቸውን ቋጠሩ። "ይህ ጃንጥላ ነው። የሌሊት ወፍ ክንፏ እኮ ጣቶቿ ናቸው።" ጠመኔውን አንስተው ከቤት ባገኘነው ግራጫ ጨርቅ ላይ የሣሉት የሌሊት ወፍ ጣቱ፣ ክርኑ፣ ጥፍሩ ሁሉ አለው። ቆርጬ ስጨርስ አስፈሪ ሳይሆን ቆንጆ ነበር። "አጥቢ ናት፤ ልጇን ታጠባለች" አሉ፣ ጨርቁ ላይ በስፒል እያያዙት። "ሰው ለምን እንደሚፈራት አይገባኝም።"

የሌሊት ወፏን ዙሪያ መስፋት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነበር፤ ማዞሪያዋ ብዙ ነው። የዚያን ቀን ሚስቴ ሳትነግረን ቀደም ብላ ከሥራ ወጥታ ኖሮ፣ ከጋራዡ በኩል በሩን ስትከፍት የሰማችው ይህን ነው፦

"ቀስ በይ! ቀስ! አቁሚ! አቁሚ አልኩሽ እኮ! አሁን ርገጪ! ጠንከር አድርገሽ!"

ቦርሳዋን ጥላ፣ ቁልፏን እንደያዘች ሮጣ ገባች። ፊቷ ቀልቷል። "ማንን ነው እንዲህ የምትለው?"

ቤት ውስጥ ከእኔና ከእናቷ በቀር ማንም የለም። አማቴ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ዝም በይ ልጄ፣ ማዞሪያ ላይ ነን" አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ "ምን ትጠብቃለህ? እዘዝ" አሉኝ።

"ርገጪ" አልኩ በቀጭኑ።

ሚስቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የክሊኒክ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እግሯን ዘርግታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ሸሚዜን ይዛ ሳብ አደረገችኝና፣ "እማዬን እኮ አባቴ ራሱ 'አንቱ' ነበር የሚላት! ምን ብታደርጋት ነው?" አለችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ፔዳሉን መርገጥ አልቻልኩም፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

አማቴ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናዋ ዝም ብላ ሁለታችንም በእጃችን መሙያ ስንሞላ፣ ራሳቸው ነገሩኝ። ምንም አልጠየቅኋቸውም።

"የመምህራን ክፍሉ ከቢሮዬ ቀጥሎ ነበር" አሉ። "ሻይ ሰዓት ላይ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ምን እንደሚያስቃቸው ለማወቅ ተነስቼ እሄዳለሁ። በሩን ስከፍት ሁሉም ብድግ ይላል፤ ሳቁ ይቆማል። 'ተቀመጡ' እላለሁ፤ ይቀመጣሉ፤ ግን ሳቁ አይመለስም። ሻዬን ይዤ ወደ ቢሮዬ እመለሳለሁ። ስወጣ ደግሞ ይጀምራሉ።" ዱባውን በጣታቸው ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ይሞላሉ። "ክብር ነው፤ አልከፋኝም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሳቅ የሚቆምበት ሰው ሆኜ ኖርኩ።"

እጄ ውስጥ የነበረውን ጥጥ ዱባው ውስጥ ጠቀጠቅሁት።

"አንተ ግን ስገባ መነሳት አትችልም" አሉ።

"አልችልም እማማ።"

"ደግ ነው" አሉ፤ ከዚያ ወደ ቡቴ አይተው፣ "እንዲህ ስልህ መሰበርህ ደስ አለኝ ማለቴ አይደለም" አሉ። ይሄኔ እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሬን ወደ ፈለግሁበት ዘርግቼ መቀመጥ ጀመርኩ።

የሃሎዊን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ተሸክመን ተሻገርን። ሚስቴ ዱባዎቹን በልብስ ቅርጫት ይዛለች፤ ልጃችን ንብ ሆና ክንፏ በር ላይ እየተያዘባት ትከተላለች፤ አማቴ ጥቁሩን ጨርቅ እንዳይጨማደድ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይዘውታል፤ እኔ በክራንች። ጨርቁ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተነጠፈ። የሌሊት ወፎቹ በሁለቱ ጫፍ ተንጠለጠሉ። ዱባዎቹን አማቴ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደሯቸው፤ ወደ ግራ የምታጋድለዋን ከሾርባው ድስት ጋር አስደገፏት። ጎረቤታችን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። "በእጃችሁ ነው የሠራችሁት?" አለች። ሚስቴ "ባሌና እናቴ ናቸው" ብላ ስትመልስ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ኩራት እኔንም አስደነገጠኝ። ነፋስ መጣ፤ የሌላው ሰው የወረቀት ሰሃን ሁሉ በመንገዱ ተበተነ፤ ዱባዎቻችን ንቅንቅ አላሉም። አማቴ ወደ እኔ አይተው በቅንድባቸው ብቻ "አላልኩህም?" አሉኝ።

አማቴ ወንበር ተሰጥቷቸው ከጠረጴዛው ራስ ጋ ተቀመጡ፤ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የመጣ የባሕር ወንበዴ ልብስ የለበሰ ልጅ ከላይ እስከ ታች አያቸውና በእንግሊዝኛ፣ "አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?" አላቸው።

አማቴ በተጣራ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ፣ "ርዕሰ መምህርት ነኝ" አሉት።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። "ታስፈሪያለሽ። በጣም ጥሩ ነው።"

"አመሰግናለሁ" አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ልጆቹ ከየአቅጣጫው ጎረፉ። የአጎራባች መንገዶችም ልጆች መጡ። ጠረጴዛውን ከበቡት፤ አንዱ በሌላው ብብት ሥር እጁን ይሰድዳል፤ አንድ ትንሽ ዳይኖሰር ሳያስበው የጨርቃችንን ጫፍ ያዘና ጎተተ። ከረሜላውም ሾርባውም ዱባውም አንድ ላይ መንሸራተት ጀመሩ። ጎረቤታችን "ቀስ ልጆች፣ ቀስ" ትላለች፤ ማን ይስማት።

አማቴ ተነሱ። ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ።

"ተሰለፉ!"

በአማርኛ ነው ያሉት። ካሉት ልጆች መሃል አማርኛ የምታውቀው የእኛ ንብ ብቻ ናት። ግን ያ ድምፅ ትርጉም አያስፈልገውም። ልጆቹ ባሉበት ደረቁ። ዳይኖሰሩ ጨርቁን ለቀቀ። "ቁመት በቁመት!" አሉ አማቴ፣ በእጃቸው አጭርና ረጅም እያሳዩ፤ ልጃችን ሮጣ ከፊት ቆመች፤ ሌሎቹ ከኋላዋ ገቡ። ከትንሹ ዳይኖሰር እስከ ረጅሙ አጽም ድረስ ድራይቭዌዩን ሞልቶ እስከ መንገዱ የሚደርስ ቀጥ ያለ ሰልፍ። ጠንቋዩ፣ ልዕልቷ፣ ደም የተቀባው ሐኪም፣ ሁሉም እጁን ወደ ታች አድርጎ ቆሟል። ወላጆች ስልካቸውን አወጡ። አማቴ በሰልፉ ጎን ለጎን እየሄዱ የአንዱን ኮፍያ አቃኑ፣ የሌላውን የጫማ ማሰሪያ በጣታቸው አመለከቱ። አጽም የለበሰው ጎረምሳ ጋ ሲደርሱ ቆመው ደረቱ ላይ የተሣሉትን አጥንቶች በጣታቸው ቆጠሩ። ልክ ሆኖ ተገኘ መሰለኝ፤ እሱ ብቻ ሁለት ቸኮሌት ተሰጠው።

ጎረቤታችን ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "ምን ብላ ነው ያዘዘቻቸው?" አለችኝ።

"'ተሰለፉ' ማለት ነው።"

"ቃሉን ጻፍልኝ" አለች።

ልጆቹ ሲያልቁ ትልልቆቹ ሾርባቸውን ይዘው ጠረጴዛውን ከበቡ። ጎረቤታችን ከዱባዎቹ አንዱን ለራሷ ገበታ ለመውሰድ ጠየቀች። አማቴ ትልቁን አንስተው ሰጧት። ይህን ያየ የዳይኖሰሩ አባት ለእናቱ አንድ ለመነ፤ ሰጡት። ከዚያ ማን ይቁም። እያንዳንዱን ሲሰጡ እኔን እየጠሩ "ይህን እሱ ነው የመራው" ይላሉ፤ እኔ ደግሞ "እሳቸው ናቸው የረገጡት" እላለሁ፤ ሰዎቹ ምን ማለታችን እንደሆነ አይገባቸውም፤ ግን ይስቃሉ። ወደ ግራ የምታጋድለዋን እንኳ ወሰዷት። ሲመሽ ይዘን የተመለስነው ጥቁሩን ጨርቅ ብቻ ነበር።

ያኔ ነው ልጃችን ባዶውን ቅርጫት አይታ ያለቀሰችው። "ለኛስ?" አለች በእንባ። "ኦል ዘ ዱባ ሰጣችሁ! ለኛ ቤት ምንም የለም!"

አማቴ ተንበርክከው ክንፏን አወለቁላት። "እንሠራለን" አሏት። "እናትሽም ትሠራለች። ነገሩን የጀመረችው እሷ አይደለችም?"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የተረፈውን ከፋይ አወጣን። ሚስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች። እኔ ጨርቁን መራሁ፤ አማቴ ረገጡ፤ ልጃችን "አቁሚ!" የማለቱን ሥራ ከእኔ ነጥቃ ወሰደችው። መሙላቱ የሚስቴ ድርሻ ሆነ። "ትንሽ ይበቃል" ብላት፣ "የእናንተማ ከስቶ ነበር፤ የእኔ ይወፍራል" ብላ በጡጫዋ ጠቀጠቀችው። ዱባው ተነፋ። ሽንሽኑ ጠፋ። አማቴ "ልጄ፣ ተይ" አሏት። "አንድ ጭብጥ ብቻ" አለች። ያቺን አንድ ጭብጥ ስታስገባ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተተረተረና ጥጡ በጠረጴዛው፣ በወለሉ፣ በአማቴ ፀጉር ላይ ተበተነ፤ ምስሩ እንደ ዝናብ እየተንጠባጠበ ሶፋው ሥር ድረስ ተንከባለለ።

ልጃችን በሳቅ ፈነደቀች፤ ሚስቴም እጇ ውስጥ የቀረውን ባዶ ከፋይ እያየች መሳቅ ጀመረች። አማቴ ሽበታቸው ላይ የተቀመጠውን ጥጥ ሳያራግፉ፣ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው፣ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን በምንም ሳይሸፍኑ፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ ሳቁ።